የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል ወይ? ጠይቄ፣ አስከፍቼ፣ ሞክሬ ያየሁት

አጭሩን መልስ ለምትፈልጉ፦ አይቀየርም። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ አይቀየርም። ራም ይጨመራል፣ ኤስኤስዲ ይቀየራል፣ ባትሪ ይቀየራል፣ ስክሪን ሳይቀር ይቀየራል። ግራፊክሱ (ስክሪን ላይ የምናየውን ምስል የሚሰራው ክፍል) ግን ከማዘርቦርዱ፣ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተጋብቶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ፍቺ የለውም። ጥቂት የሚፋቱ አሉ፣ እነሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ችግሩ "ይቀየራል" ብሎ ቀብድ የሚቀበል ሰው ከተማው ውስጥ አለመጥፋቱ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዛ ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ላፕቶፓችሁ ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። የምኖረውም የምሰራውም አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጥር ሲገባ፣ ከዛም ከፋሲካ በኋላ፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ በር የሚያንኳኳ ካሜራማን ብዙ ነው። ሁሉም "ለነገ" ነው የሚሉት። ላፕቶፔ ኤችፒ ፕሮቡክ ነው፣ 11ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፎቶ ምንም አይወጣለትም። ፕሪሚየር የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ግን ከለር ነካ አድርጌ ሁለት ሦስት ሌየር ስደራርብበት ይደነዝዛል። ሙሽራው ኬክ እየቆረሰ ድምፁ ይቀጥላል፣ እጁ ግን ቢላዋውን እንደያዘ አየር ላይ ይቀራል።

ሁሉም ሰው የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር። "ግራፊክሱ ነው፣ አስቀይሪው።"

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ ከስር ያለውን ስቲከር አየና "እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው፤ 4 ጊጋ ግራፊክስ እናስገባልሻለን" አለኝ። የት ነው የሚገባው ስለው "ውስጥ" አለ። ግማሹን አሁን ትከፍያለሽ፣ ዕቃው ከዱባይ ይመጣል፣ ትንሽ ትታገሺያለሽ። ይህን ሁሉ ያለኝ ሳይከፍተው ነው። አንድ ብሎን አልነካም። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዛ ወደ አንድ ጋሼ ሄድኩ። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ ሱቃቸው የነበረበት ቦታ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደኛ ሰፈር መጡ። ብዙ አያወሩም። "ነይ እስቲ እንየው ልጄ" ብለው ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ፈትተው በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን እያላቀቁ አነሱት። መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ነቀሉ። ከዛ ፋኑን፣ ከፋኑ የሚነሳውን የመዳብ ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን መጫኛ ፈትተው ለብቻ አስቀመጡ። ስሩ ያለው ቴርማል ፔስት (የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠረጉት። ሲጠራ ትንሽ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ታየች፣ እላይዋ ላይ ፊት የሚያሳዩ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቁራጮች አሉ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሳያስነኩ ወደ ትልቁ አመለከቱና "ፕሮሰሰርሽ ይሄ ነው። ግራፊክስሽም ይሄው ነው። የቱን ልንቀልልሽ?" አሉኝ።

ትንሹስ አልኳቸው። እሱ ዩኤስቢውንና ሌሎቹን መግቢያዎች የሚያስተዳድረው ክፍል ነው አሉ። ግራፊክስ የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር ቦርዱ ላይ የለም።

ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። ላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ በሁለት መንገድ ነው የሚመጣው። አንደኛው የእኔ ዓይነት ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ቁራጭ ላይ የተሰራ። የኢንቴል ዩኤችዲ እና አይሪስ ኤክስኢ፣ የኤኤምዲ ራዲዮን ቬጋ እንዲህ ናቸው። የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ተበድሮ ነው የሚሰራው። ሁለተኛው ለብቻው የቆመ ቺፕ ነው፣ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ፣ አርቲኤክስ፣ ኤምኤክስ የሚባሉት። ይሄኛው የራሱ ሜሞሪ ቺፖች ዙሪያውን ከበውት፣ የራሱ የኃይል መስመር ተሰርቶለት ይቀመጣል። ለብቻው ስለሆነ ግን ይነቀላል ማለት አይደለም። ከስሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ የብየዳ ኳሶች አሉ፣ በእነሱ ነው ቦርዱ ላይ የተጣበቀው። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ዓይነት ሶኬት የለውም።

"ግን እኮ ቺፕ የሚያነሱ ማሽን ያላቸው አሉ" የሚል ሰው ይኖራል። አሉ፣ ጎበዞችም ናቸው። የሚሰሩት ግን ጥገና ነው። የሞተ ቺፕ አንስተው ያንኑ ቺፕ ይመልሳሉ፣ ወይ ኳሶቹን አድሰው መልሰው ያስቀምጡታል። የ2 ጊጋውን አንስቶ የ6 ጊጋውን መትከል ሌላ ነገር ነው፦ የኳሶቹ አቀማመጥ ይለያል፣ የኃይል መስመሩ አይችለውም፣ ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) አያውቀውም፣ ማቀዝቀዣው አይበቃውም። ቺፑን በሆት ኤር አሙቆ "አዳንኩት" የሚለውም አለ። ያ ብዙ ጊዜ ለጊዜው ነው፤ ተመልሶ ይሞታል።

አሁን ወደሚፋቱት።

ኤምኤክስኤም የሚባል አሰራር አለ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያመጣው ነው፣ ግራፊክሱ በትንሽ ካርድ ላይ ሆኖ ሶኬት ውስጥ የሚሰካበት። አሮጌዎቹ ወፋፍራም ወርክስቴሽኖች ላይ አለ፦ ዴል ፕሪሲዥን ኤም 4800 እና ኤም 6800፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 8770 ደብሊው፣ የመጀመሪያዎቹ ዜድቡክ 15 እና 17። እነዚህ ስላሽ (ያገለገሉ) ሆነው አዲስ አበባ ገብተው ታገኙ ይሆናል። የመሐንዲስ ላፕቶፕ እያሉ ነው የሚሸጧቸው። አንዱን ካገኛችሁ ካርዱ በእውነት ይነቀላል። እንደ ዴስክቶፕ ያገኛችሁትን ሁሉ የምትሰኩበት ግን አይደለም። የማቀዝቀዣው የብሎን ቀዳዳ መግጠም አለበት፣ የካርዱ ባዮስ ከላፕቶፑ ጋር መስማማት አለበት፣ ቻርጀሩም መቻል አለበት። ካርዱን ራሱ ፍለጋ የምትሄዱበትን ርቀት ደግሞ አስቡት። በዛ ላይ በዛን ጊዜ ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት የኤንቪዲያ ኬፕለር ትውልድ አርጅቷል፣ አዳዲስ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) መሰራት ቆሞለታል። ፕሪሚየርን የመሰለ ፕሮግራም በየዓመቱ አዲስ ድራይቨር ስለሚጠይቅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአዲሶቹ ፍሬምወርክ 16 አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለገዢ መድረስ የጀመረ ነው፣ ግራፊክሱ ከኋላ በሞጁል ይገባል፣ መጀመሪያ የኤኤምዲ ራዲዮን አርኤክስ 7700 ኤስ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5070 ሞጁል ወጣለት። ያንኑ ላፕቶፕ ይዞ ግራፊክስ መቀየር ማለት ይሄ ነው። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ጥሩ ነው። እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት ግን አይደለም። ሌሎች ካምፓኒዎችም በየጊዜው "የሚቀየር ግራፊክስ" ብለው ሞክረዋል፣ የራሳቸውን ሶኬት ሰርተው፣ ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ ግን ሶኬቱን ትተውታል። ስለዚህ "ወደፊት ይቀየራል" ተብሎ ለተሸጠላችሁ ነገር ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ስለ ሻጮች አንድ ነገር። የቴሌግራም ቻናሎች ላይ "ቶታል ግራፊክስ 8 ጊጋ" የሚል ታያላችሁ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ልቤ ዘሎ ነበር። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ ያህል ለግራፊክስ መበደር እንደሚቻል አድርጎ ይመዘግበዋል። 16 ጊጋ ራም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ 8 ጊጋ አካባቢ "ሼርድ" ያሳያል። ግራፊክሱ የቱንም ያህል ደካማ ይሁን። ራሙን 32 ብታደርጉት "16 ጊጋ ግራፊክስ" ሊባል ነው ማለት ነው! ሻጩ ዋሸ ለማለት ይከብዳል፣ እውነትም አልተናገረም።

ለማጣራት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ወደ ታች ውረዱ። ጂፒዩ ማለት ግራፊክሱ ነው። ጂፒዩ 0 ብቻ ካለና ስሙ ኢንቴል ከሆነ በቃ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ነው። ጂፒዩ 1 የሚልም ካለ ስሙን አንብቡ። ከታች "ዴዲኬትድ" የሚለው ቁጥር የራሱ ሜሞሪ ነው፣ "ሼርድ" የሚለው ከራሙ የሚበደረው። ኤኤምዲ ላይ ትንሽ ያሳስታል፣ ከራሙ ተቆርሶ የተሰጠውንም ዴዲኬትድ ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ስሙን እዩ። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ያንን ቁጥር ከፍ ማድረግ የሚቻልባቸው ላፕቶፖች አሉ። አንዳንድ ጌም እንዲከፈት ይረዳ ይሆናል እንጂ ግራፊክሱን አያፈጥነውም።

በነገራችን ላይ ጂፒዩ 1 ኖሯችሁ የማይሰራም አለ። የአክስቴ ልጅ "ግራፊክሴ ደካማ ነው፣ ይቀየርልኝ" እያለ ሲያማርር ላፕቶፑን ተቀብዬ ብከፍተው ጂቲኤክስ 1650 አለው። ጌሙ እየሮጠ ግን ጂፒዩ 1 ዜሮ ፐርሰንት ላይ ተጋድሟል፣ ጂፒዩ 0 ነው ላቡን የሚያፈሰው። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዛ ግራፊክስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ፕሮግራሙን መርጣችሁ ሃይ ፐርፎርማንስ አድርጉለት። ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ተጫወቱ፣ በባትሪ ሲሆን ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሳንቲም ሳያወጣ ተፈታለት። ልጁ ግን እስካሁን "ቀየረችልኝ" እያለ ነው የሚያወራው።

ወደ እኔ ልመለስ። ጋሼ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሌላ ነገር አሳዩኝ። የራም መቀመጫው ሁለት ነው፣ አንዱ ባዶ። "ይሄን ሙይው፣ ከዛ ስለ ግራፊክስ እናወራለን" አሉ። እኔ ራም ለግራፊክስ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ያደርጋል። እንደ እኔ ዓይነቱ ግራፊክስ ከራም ስለሚበደር፣ መንገዱ አንድ ሲሆንና ሁለት ሲሆን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በተለይ 11ኛው ትውልድ ኢንቴል ላይ የሚገርም ነገር አለ፤ አንድ ራም ብቻ ሲሆን ግራፊክሱ ራሱን "ዩኤችዲ" ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው፣ ሁለት ሆኖ ሲሟላለት "አይሪስ ኤክስኢ" ይላል። ኢንቴል ለዚህ ስም ሁለት መስመር ራም ይጠይቃል። እኔም ከነበረው ጋር የሚመሳሰል 8 ጊጋ፣ ዲዲአር 4፣ 3200 ገዝቼ አስገባሁ። ዲቫይስ ማናጀር ስከፍት ስሙ ተቀይሯል። ያው ቺፕ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ፍጥነት።

ፉል ኤችዲ ሰርግ ላይ ፕሪቪው ከዛ ወዲህ አልተቆራረጠም ማለት ይቻላል። ፎር ኬ ላይ ተአምር አልሆነም፣ ግን መኖር ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አስከፍታችሁ እዩ፦ ቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ራሙም የተበየደ ነው። አንድ የተበየደና አንድ ባዶ መቀመጫ ያላቸውም አሉ፣ እነሱም ይሻላሉ።

ቴርማል ፔስቱንም ጋሼ በዛው ቀየሩልኝ፣ ፋኑ ውስጥ የተጠቀጠቀውን አቧራም አወጡ። ይሄን አትናቁ። ሰፈራችን ሁሉ ግንባታ ነው፣ አቧራው በፋን ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ከቆላ ከተማ ያነሰ ነው። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። "ግራፊክሱ ደከመ" የሚባለው ብዙ ጊዜ የታፈነ ፋን ነው።

ለኤዲተሮች ብቻ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላው ዝለለው። ሶኒ ኤ 7 ማርክ 4ን በመሰለ ካሜራ በ10 ቢት 4፡2፡2 በኤች 265 የተቀረጸ ፋይል የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ ውድ የኤንቪዲያ ካርድ ስለገዛችሁ ብቻ አይቀላችሁም። አርቲኤክስ 50 የሚባለው ትውልድ እስኪመጣ ድረስ የኤንቪዲያ ካርዶች ያንን ፋይል በሃርድዌር አይፈቱትም ነበር፤ የእኔ ርካሽ ኢንቴል ግን ይፈታዋል። አንድ ካሜራማን ወዳጄ ትልቅ ጌሚንግ ላፕቶፕ ገዝቶ "ያንቺ ፕሮቡክ እንዴት ነው ከእኔ ለስልሶ የሚያጫውተው" ብሎ ሲገረም ምስጢሩ ይሄ ነበር፣ የሱ ፕሮሰሰር ኤኤምዲ ስለሆነ ኢንቴሉም አልነበረውም። ለሌላው ሁሉ ፕሮክሲ ስሩ። ማታ ፕሮክሲ አዝዛችሁ ተኙ፣ ጠዋት በትንሹ ፋይል ኤዲት አድርጉ፣ ሲያልቅ ዋናውን ሬንደር አድርጉ። ነፃ ነው፣ የሚያስወጣው የሃርድ ዲስክ ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፣ ከውጭ የሚሰካው ግራፊክስ። ይሰራል ወይ? ይሰራል። ስታዲየም አካባቢ የሚሰራ፣ የሕንፃ ስሪዲ የሚያወጣ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ጋ ነው ቁጭ ብዬ ያየሁት፣ የኔንም ፕሮጀክት አስገብተን ሞክረንበታል።

ሁለት መንገድ አለው። ጨዋው መንገድ ተንደርቦልት ነው። ላፕቶፑ ላይ ዩኤስቢ ሲ መግቢያው ጎን የመብረቅ ምልክት ካለ ተንደርቦልት ነው፣ ሳጥን ገዝታችሁ ውስጡ የዴስክቶፕ ካርድ ከትታችሁ በአንድ ኬብል ትሰኩታላችሁ። ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ ብቻ ግን አይሆንም፣ የኔ ፕሮቡክ ዩኤስቢ ሲ አለው፣ ተንደርቦልት የለውም። ሳጥኑ ደግሞ ካርድ ሳይገባበት ራሱ ውድ ነው። ከሐምሌ 2016 የብር ተመን ለውጥ ወዲህማ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው የት እንደሄደ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ያልተገራው ነው። ጓደኛዬ ይሄንን ነው የያዘው። የሱ ላፕቶፕ ሁለት የኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ መቀመጫ አለው፣ በአንዱ ላይ ኤስኤስዲ በመሰካት ፋንታ የሪባን ኬብል ያለው አዳፕተር ሰካበት። የኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ የዴስክቶፕ ካርድ የሚቆምበት ሶኬት አለ። አርቲኤክስ 3060 ነው ያቆመበት፣ 12 ጊጋ። ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፣ ስለዚህ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ጎኑ ተቀምጧል። የላፕቶፑ የታች ክዳን ወልቋል፣ ኬብሉ ካልወጣ አይሆንማ። ከጎን ሞኒተር አለ፣ ምክንያቱም ምስሉን መልሶ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ማምጣት ያችኑ ጠባብ መስመር ያጣብባታል። ጠረጴዛው ላይ ቡና የሚቀመጥበት ቦታ አልተረፈም።

ሬንደሩ ላይ፣ ማለትም ያለቀውን ምስል ሰርቶ ሲያወጣ፣ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። መስመሩ ዴስክቶፕ ላይ ካለው አንድ አራተኛው ብቻ ቢሆንም፣ ስሪዲ ሬንደር ፋይሉን አንዴ ካርዱ ላይ ጭኖ ስለሚሰራ ጥበቱ ብዙ አይታይም። ጌም ላይ ይበልጥ ይታወቃል። አነሳሱም ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከዛ ላፕቶፑ። በርቶ እያለ መንቀል ክልክል ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ካርዱን አይቶ "ኮድ 12" ብሎ እንቢ ይላል፣ ባዮሱ ቦታ አልሰጠውም ማለት ነው፣ ያ ሲመጣ ራስ ምታት ነው።

ከሁሉ የከፋው መብራት ነው። እኔ እዛው ቁጭ ብዬ ሬንደሩ ሰማንያ ምናምን ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ካርዱ ግን ኃይል አጣ፣ ስክሪኑ ባለበት ደረቀ። ላፕቶፕ የያዝነው መብራት ሲሄድ እንድንሰራ አልነበር? ዩፒኤስ ይገዛ ትላላችሁ፣ እሱም ገዝቷል፣ ካርዱ በሙሉ አቅሙ ሲሰራ ግን ትንሹ ዩፒኤስ ፋይል ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ያህል ነው የሚቆየው።

ደምሩት እስቲ። ካርድ፣ አዳፕተር፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሞኒተር፣ ዩፒኤስ። ከዚህ ላይ ጥቂት ከጨመራችሁ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ያውም ክዳኑ ያልወለቀ። ጓደኛዬ ካርዱ ቀድሞ ስለነበረው ነው ያዋጣው። ካርድ የሌላችሁ ከሆነ ለሬንደር ዴስክቶፕ፣ ለመንቀሳቀሻ ያለችውን ላፕቶፕ ያዙ ነው የምለው። እኔም ወደዛው ነው ሳንቲም እያጠራቀምኩ ያለሁት።

የማዘርቦርድ ቅያሬ የሚሉም አሉ። ይሄ ውሸት አይደለም። ያው ሞዴል ላፕቶፕ ግራፊክስ ያለውና የሌለው ሆኖ ሊሸጥ ይችላል፣ ያለውን ማዘርቦርድ አምጥቶ መግጠም ይቻላል። ማዘርቦርዱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ማቀዝቀዣው አብሮ መቀየር አለበት፣ ቻርጀሩም ብዙ ጊዜ ከፍ ማለት አለበት። ወጪው ከሚጨመረው አቅም ጋር አይመጣጠንም፤ በእንዲህ ዓይነት ሞዴሎች ላይ የሚታከለው ብዙ ጊዜ 2 ጊጋ ኤምኤክስ ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም።

ማሽን ለርኒንግ የምትማሩ ተማሪዎች ደግሞ ለአሳይንመንት ብላችሁ ላፕቶፕ አትቀይሩ። ጉግል ኮላብ በነፃው አካውንት ቲ 4 የሚባል ጂፒዩ ያውሳችኋል፣ ገደብ አለው፣ ሁልጊዜም ላይገኝ ይችላል፣ ለትምህርት ግን ይበቃል። ኢንተርኔቱን እናንተ ቻሉት።

በመጨረሻ መቀየር ግድ ከሆነባችሁ፣ ያለውን ሰጥቶ ብር ጨምሮ መቀየር ከተማው ውስጥ የተለመደ ነው፣ ለዚህ ነገር ትክክለኛው "አፕግሬድ" እሱ ነው። ስትገዙ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። አርቲኤክስ 3050 የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ከ35 እስከ 80 ዋት ድረስ ተደርጎ ይሰራል፤ ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ የተለያየ። ቀጭንና ቀላል ላፕቶፕ ላይ ያለው ዝቅተኛው ነው የሚሆነው። ቻርጀሩን አንስታችሁ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፦ ጌሚንግ ተብሎ 65 ዋት ቻርጀር ከተሰጣችሁ፣ ወይ ቻርጀሩ የሱ አይደለም ወይ ላፕቶፑ የተባለው አይደለም። የራሳችሁን ፕሮጀክት በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዛው ሱቅ ውስጥ ሬንደር አድርጉ፣ ፋኑ እስኪጮህ ቆዩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ይጥቆር። ታስክ ማናጀሩን ከፍታችሁ ጂፒዩ 1 መስራቱን እዩ። ከዛ ደረሰኙ ላይ የግራፊክሱን ሙሉ ስምና የራሱን ሜሞሪ አስጽፉ፤ "ላፕቶፕ 1" ብቻ ብሎ ከጻፈላችሁ መልሱለትና በደንብ ይጻፈው።